የጫማ ሰፊው ሠንጠረዥ
የዊሊያም ኬሪን መጽሐፍ ዛሬ ስናነበው

በወጣቶች ኅብረታችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ አንድ ጠርዙ የተቀደደ ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል። ከላይ የዓለም ካርታ አለበት፤ ከካርታው በታች ደግሞ ከእግዚአብሔር ታላላቅ ነገሮችን ስለ መጠበቅ የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገርና የዊሊያም ኬሪ ስም ተጽፎበታል። የተልእኮ ሳምንት በመጣ ቁጥር ተናጋሪው ጣቱን ወደዚያ ወረቀት ይቀስራል፤ እኛም "አሜን!" እንላለን። እውነቱን ለመናገር ለብዙ ዓመታት ኬሪን የማውቀው በዚያች ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

ባለፈው ክረምት የሰውየውን ዋና ጽሑፍ አገኘሁና መዝገበ ቃላት ከጎኔ አስቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ያቺን ዐረፍተ ነገር ፈለግኳት፤ የለችም። እርሷ በዚያው ዓመት ከሰበከው ስብከት ጋር ተያይዛ ስትነገር የኖረች ናት። መጽሐፉን የሚሞላው ልብ የሚያሞቅ አባባል አይደለም። ሙግት፣ ታሪክ፣ ስሌት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገጽ በገጽ የሚከታተል ሠንጠረዥ ነው። መጀመሪያ ላይ አዘንኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ከግድግዳው ወረቀት ይልቅ ሠንጠረዡ ያስፈልገን እንደነበር ገባኝ። ሦስተኛ ሳነበው ደግሞ የሠንጠረዡ ጉድለት የእኔም ጉድለት እንደሆነ አየሁ። ይህ ጽሑፍ የእነዚያ ሦስት ንባቦች ውጤት ነው።

የእኔ ጉድለት ምን እንደሆነ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ለአምስት ቀን የወንጌል ጉዞ ወደ አንድ የአርብቶ አደር ወረዳ ሄጄ ነበር። ዘመርን፣ ያመጣነውን ልብስ አከፋፈልን፣ በአስተርጓሚ ሰበክን። የእኔ ሥራ መመዝገብ ነበር። ስንት ሰው ሰማ፣ ስንቱ እጁን አነሣ፣ ስንት ልብስ ታደለ፤ ሁሉንም በቅጹ ላይ ሞላሁ። በመጨረሻው ቀን ውኃ ያጠጡን አንዲት እናት በአስተርጓሚው በኩል፣ "ልጄ፣ ስሜን ታውቀዋለህ?" ብለው ጠየቁኝ። አላውቀውም ነበር። በቅጼ ላይ ግን እርሳቸውም ተቆጥረዋል። ስንመለስ በአጥቢያችን ሪፖርቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ተጨበጨበልኝም።

ጫማ ሰፊው ምን ጻፈ?

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1792 በእንግሊዝ አገር፣ በሌስተር ከተማ ታተመ። 87 ገጽ ያላት ትንሽ ጥራዝ ናት። ርዕሷ እንደ ዘመኑ ልማድ ረጅም ነው፤ ወደ አማርኛ ስንመልሰው፣ ክርስቲያኖች አሕዛብን ወደ እምነት ለማምጣት በመንገዶች የመጠቀም ግዴታ እንዳለባቸው የሚመረምር ጽሑፍ እንደማለት ነው። በዚህ ርዕስ ውስጥ ሁለት ቃላት ከባድ ሸክም ይሸከማሉ፤ አንዱ "ግዴታ"፣ ሌላው "መንገድ" የሚለው።

ጸሐፊው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1761 ከሸማኔ ቤተሰብ ነው። በልጅነቱ ጫማ መስፋት ተማረ፤ በኋላም የአንዲት ትንሽ የባፕቲስት ጉባኤ አገልጋይ ሆኖ እያስተማረ፣ እየሰፋ፣ እየሰበከ ኑሮውን ይገፋ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። በአገራችን ቆዳ የሚያለፋ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ምን ያህል ሲናቅ እንደኖረ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ካፒቴን ኩክ የተባለው መርከበኛ ስላያቸው ደሴቶች የሚተርኩትን የጉዞ መጻሕፍት እያነበበ በሥራ ቦታው ግድግዳ ላይ ወረቀቶች አጣብቆ ትልቅ ካርታ እንደሠራ፣ በየአገሩም ላይ የሕዝቡን ብዛትና እምነት እንደጻፈበት ወዳጁ አንድሩ ፉለር ተናግሯል። እንግዲህ የመጽሐፉ ሠንጠረዥ የተወለደው ከቆዳና ከሙጫ ሽታ መካከል ነው።

በዚያ ዘመን በነበሩ ብዙ አገልጋዮች ዘንድ፣ ታላቁ ተልእኮ ለሐዋርያት ብቻ ተሰጥቶ ከእነርሱ ጋር ያበቃ ትእዛዝ ነው፤ እግዚአብሔር አሕዛብን ማዳን ሲፈልግ ያለ እኛ እርዳታ ያድናቸዋል የሚል አስተሳሰብ ነበር። አንድ አረጋዊ አገልጋይ ወጣቱን ኬሪን በስብሰባ መካከል "ተቀመጥ!" ብለው ገሠጹት የሚለውን ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። የአረጋዊው የገዛ ልጅ ግን ይህ መሆኑን እንደማያምን ጽፏል። ስለዚህ ታሪኩን ስንናገር ጥንቃቄ ይገባናል። ሐሳቡ ግን በእርግጥ ነበረ፤ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍልም የተጻፈው እርሱን ለመሞገት ነው።

ሙግቱ አጭርና ስለታም ነው። ኬሪ እንዲህ ይከራከራል፦ አሕዛብን ሁሉ የማስተማሩ ትእዛዝ በሐዋርያት ላይ ካበቃ፣ በዚያው ቃል ውስጥ ያለው የማጥመቅ ትእዛዝም አብሮ አብቅቷል ማለት ነው፤ ታዲያ ለምን ታጠምቃላችሁ? ጌታ እስከ ዓለም ፍጻሜ ከእናንተ ጋር ነኝ ብሎ የሰጠው ተስፋስ ለማን ነው? ሐዋርያት እስከ ዓለም ፍጻሜ አልኖሩም። ተስፋውን ለራሳችን ወስደን ትእዛዙን ለሌላ መተው አንችልም። አንድም የስድብ ቃል ሳይጠቀም፣ ድምፁንም ከፍ ሳያደርግ፣ ተቃዋሚው ራሱ በሚያምንበት ነገር ይረታዋል። በየማኅበራዊ መገናኛው የምንከራከር ወጣቶች ከዚህ ክፍል የምንማረው ብዙ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ከሐዋርያት ዘመን ጀምሮ ወንጌል እንዴት እንደተስፋፋ በአጭሩ ይተርካል። እንደ ታሪክ ጽሑፍ ደረቅና ጥድፊያ የሚበዛበት ነው። ዓላማው ግን ግልጽ ነው፤ ሰዎች ሠርተውታል፣ ስለዚህ ይሠራል ለማለት ነው። በተለይ ሞራቪያውያን የተባሉት ጥቂትና ድሃ ምእመናን እስከ ግሪንላንድ በረዶና እስከ ካሪቢያን ደሴቶች መድረሳቸውን እንደ ምስክር ያቀርባል።

ሠንጠረዡ

ሦስተኛው ክፍል የመጽሐፉ ልብ ነው። አምስት ዓምዶች አሉት፤ የአገሩ ስም፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ የነዋሪው ብዛት፣ እምነቱ። አውሮፓ፣ እስያ፣ አፍሪካ፣ አሜሪካ እያለ አገር በአገር፣ ደሴት በደሴት ይዘረዝራል። በመጨረሻም ይደምራል። በእርሱ ስሌት የዓለም ሕዝብ 731 ሚሊዮን ነው። ከዚህ ውስጥ 420 ሚሊዮኑ ጣዖት አምላኪ፣ 130 ሚሊዮኑ ሙስሊም፣ 100 ሚሊዮኑ ካቶሊክ፣ 44 ሚሊዮኑ ፕሮቴስታንት፣ 30 ሚሊዮኑ የግሪክና የአርመን አብያተ ክርስቲያናት ተከታይ፣ 7 ሚሊዮኑ ደግሞ አይሁድ ናቸው ይላል። ዛሬ የታሪክ አጥኚዎች የዚያን ጊዜው የዓለም ሕዝብ ከዚህ የበለጠ እንደነበር ይገምታሉ። ነገር ግን ከትንሽ ከተማ ሳይወጣ፣ ተውሶ ባነበባቸው መጻሕፍት ብቻ ይህን መሰብሰቡ የሚያስደንቅ ትጋት ነው።

ይህ ሠንጠረዥ ከሥነ ጽሑፍ አንጻር ምን ይሠራል? አንባቢን ያስለቅሳል ብዬ አልዋሽም፤ አሰልቺ ነው። አሰልቺነቱ ግን ኃይል አለው። "ዓለም በጨለማ ናት" ብሎ መጮኽ ቀላል ነው፤ ጩኸቱ ሲያልቅ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኬሪ ግን አይጮኽም፤ እያንዳንዱን አገር እያነሣ "ይህንንስ አስበኸዋል? ይህንንስ?" የሚል ይመስላል። ስማቸውን ሰምተን የማናውቃቸው ደሴቶች አንድ በአንድ ሲያልፉ፣ አንባቢው "አላውቅም ነበር" የሚለው ማመካኛ ቀስ በቀስ ከእጁ ይወጣል። ለእኔ ይህ ገጽ የጸሎት ዝርዝር ነው። ኬሪ ዕውቀትን ከመንፈሳዊነት አልለየም። ካርታ ማንበብ፣ ቁጥር መደመር፣ ስለ ሩቅ ሕዝብ መጽሐፍ መዋስ ለእርሱ የፍቅር ሥራ ነበር። "መንፈስ ይመራናል" እያልን ስለምንጸልይለት አገር አንዲት ገጽ ለማንበብ የምንሰንፍ እኛ እዚህ ላይ ልንወቀስ ይገባናል።

አራተኛው ክፍል ማመካኛዎችን አንድ በአንድ ያነሣል፤ ርቀቱን፣ የሕዝቡን አኗኗር፣ የመገደል አደጋን፣ የምግብና የቁሳቁስ እጦትን፣ የቋንቋ አለማወቅን። መልሶቹ የጫማ ሰፊ መልሶች ናቸው፤ በእጅ የሚዳሰሱ። ርቀትን ነጋዴዎች ለትርፍ ሲሉ አሸንፈውታል፤ የጥቂት እንስሳትን ቆዳ ፍለጋ ባሕር የሚሻገር ሰው ካለ፣ እኛ ስለ ነፍስ ለምን አንሻገርም ይላል። የቋንቋንም ጉዳይ ቢሆን ነጋዴ ሳያውቅ ሄዶ እየተግባባ ይገበያያል፤ አንድ ሁለት ዓመት ከሕዝቡ ጋር የኖረ ሰው መልእክቱን ለማስረዳት የሚበቃውን ያህል ይማራል ባይ ነው። እኛ ለአምስት ቀን ሄደን በአስተርጓሚ ሰብከን ለተመለስነው ይህ ቃል ጆሮ ይቆነጥጣል።

በዚህ ክፍል ያስገረመኝ ስለ አደጋ የሰጠው መልስ ነው። የሩቅ ሕዝቦች በመጡባቸው እንግዶች ላይ ያደረሱት ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ መነሻው እንግዶቹ ራሳቸው ያደረሱባቸው በደል እንደሆነ፣ ስለዚህም የአውሬነት ምልክት ሳይሆን ራስን መከላከል እንደሆነ ይጽፋል። አውሮፓውያን በሄዱበት ሁሉ ክፋታቸውን ይዘው እንደሄዱና የአገሬውን ሰው ኑሮ እንዳባሱበትም ይናገራል። በ1792 አንድ እንግሊዛዊ የራሱን ወገን እንዲህ መክሰሱ ቀላል ድፍረት አይደለም።

ሳንቲምና ስኳር

የመጨረሻው ክፍል ምን እናድርግ የሚለውን ይመልሳል። መጀመሪያ ጸሎት ነው። ይህ ለወጉ ያህል የተባለ አይደለም፤ በአካባቢው ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ከ1784 ጀምሮ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ለወንጌል መስፋፋት ለመጸለይ ተስማምተው ነበር፤ ኬሪም የዚያን ጸሎት ፍሬ ያስታውሳል። ቀጥሎ የሚያቀርበው ማኅበር ማቋቋምን ነው። ከዚያም ገንዘብ ይመጣል፤ ሀብታም እንደ ሀብቱ ይስጥ፣ ድሃው ደግሞ በሳምንት አንዲት ፔኒ፤ በእኛ አነጋገር አንዲት ሳንቲም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የምንለውን ነው የሚለው።

ከዚያ በኋላ ያለችው አንዲት አንቀጽ በመጽሐፉ ሁሉ ለእኔ ትልቋ ናት። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ብዙ ቤተሰቦች ከካሪቢያን ደሴቶች የሚመጣውን ስኳር መብላት ትተው ነበር፤ ምክንያቱም ስኳሩ የሚመረተው ከአፍሪካ በተጋዙ ባሮች ጉልበት ነው። ኬሪ እነዚህን ቤተሰቦች ያመሰግናል፤ እጃቸውን ከደም አንጽተዋል፣ በዚያውም ላይ በሳምንት ጥቂት ገንዘብ ተርፏቸዋል፤ ያ የተረፈው ለወንጌል ሥራ ቢሰጥ ይበቃል ይላል።

ይህ የቁጠባ ምክር ብቻ አይደለም። ኬሪ ተልእኮን ከሻይ ጠረጴዛው ጀመረ። በሩቅ ያለ ሰው የሚደርስበት ግፍ በቤቴ ውስጥ በማንኪያ ይገባል፤ እንግዲህ እየበደልኩት ወንጌል ልልክለት አልችልም የሚል ትምህርት ነው። ፍትሕና ስብከት በአንዲት አንቀጽ ውስጥ ተጋቡ። ዛሬ "ወንጌል ወይስ ማኅበራዊ አገልግሎት?" እያልን የምንከፋፈልበት ጥያቄ በዚህ ጫማ ሰፊ ቤት አልነበረም።

ሠንጠረዡ የማያሳየው

ያመሰገንኩትን ያህል ልውቀስም። ወቀሳዬ ሦስት ነው።

አንደኛው የቃል አመራረጡ ነው። ስለ ሩቅ ሕዝቦች ሲናገር እንደ ዘመኑ ሰው "አረመኔ" የሚለውን ዓይነት ቃል ይደጋግማል፤ መንግሥት፣ ሕግና ጥበብ የሌላቸው አድርጎ ይሥላቸዋል። እውነት ነው፣ በዚያው አፉ እንደ እኛ ዕውቀትን መቀበል የሚችሉ፣ ልዩ ተሰጥኦም የታየባቸው ናቸው ይላል፤ የእንግሊዞችም አባቶች አንድ ጊዜ እንዲሁ እንደነበሩ ያስታውሳል። ነገር ግን ቃልና ሐሳብ በዚህ ቦታ ይጋጫሉ። ልቡ ወንድም ይላል፤ ቃሉ ግን ያርቃል። እኛም "ያልተደረሱ"፣ "ጨለማ ያለባቸው" እያልን ስንናገር ያው ግጭት በእኛም አፍ አለ። ውኃ ያጠጡኝ እናት በእኔ ቅጽ "ያልተደረሱ" ነበሩ። በዚያ ቀን ግን መጀመሪያ የደረሱልኝ እርሳቸው ናቸው፤ የተጠማሁት እኔ ነበርኩና።

ሁለተኛው የሠንጠረዡ አምስተኛ ዓምድ ነው። አንድ አገር ሙሉ በአንዲት ቃል ይጠቃለላል። ሠንጠረዥ ይህን ማድረጉ ግድ ነው፤ ቁጥር ያለ ማጠቃለል አይቆምም። ይሁንና ከ731 ሚሊዮን ሰው መካከል የሚናገር አንድም የለም። ሁሉም ይቆጠራሉ፣ ማንም አይጠየቅም። ስምም የላቸውም።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያምመኝ ነው። ኬሪ የሚላከው ሰው ምን ይዞ መሄድ እንዳለበት ሲዘረዝር ባለትዳር ቢሆን እንደሚሻል ይመክራል፤ ቤተሰቦችም አብረው ይሄዳሉ፣ እርሻ እያረሱ ይኖራሉ፣ የእርሻ መሣሪያ፣ ዘርና እንስሳ ይያዛል ይላል። ዕቅዱ ያምራል። ግን አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ሚስትየዋ ምን አለች?

የኬሪ ሚስት ዶሮቲ መጀመሪያ አልሄድም አለች፤ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ባሕርም አይታ አታውቅም ይባላል። በኋላ፣ መርከቡ በመዘግየቱ፣ ኬሪ ተመልሶ ሲለምናት እኅቷ አብራት እንድትሄድ አድርጋ እሺ አለች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1793 ተሳፈሩ። በሁለተኛው ዓመት፣ በቤንጋል፣ አምስት ዓመት የሆነው ልጃቸው ፒተር በተቅማጥ በሽታ ሞተ። ከዚያ በኋላ የዶሮቲ አእምሮ ታወከ፤ እስከ ሞተችበት እስከ 1807 ድረስም አልዳነችም። በአንዱ ክፍል እርሷ ስትሰቃይ በሌላው ክፍል ባሏ ይተረጉም ነበር። የቤንጋልኛው አዲስ ኪዳን በ1801 ሲወጣ እኛ ሁላችን ደስ ብሎን እንተርካለን፤ የዶሮቲን ዓመታት ግን እንዘላለን።

ኬሪን ለማውገዝ ይህን አላነሣሁትም። እርሱም አዝኗል፣ ታግሷል፤ ወደ አእምሮ ሕሙማን ቤት ላስገባት ሳይል በቤቱ ጠብቋታል። የምለው ስለ መጽሐፉ ነው። በ87 ገጽ ውስጥ ርቀት ተሰልቷል፣ ወጪ ተሰልቷል፣ አደጋ ተመዝኗል፤ የሌላ ሰው እንባ ግን አልተሰላም። ዛሬም "ጥሪ አለኝ" ብሎ የሚነሣ ወጣት የእጮኛውን፣ የእናቱን፣ የታናናሾቹን ድምፅ በዕቅዱ ውስጥ አንድ መስመር ካልሰጠው፣ ከኬሪ የወረሰው ቅናቱን ብቻ ሳይሆን ጉድለቱንም ነው።

መጽሐፉን ያረሙት

አንድ መጽሐፍ የሚታረመው በሐያሲ ብቻ አይደለም፤ በሚከተሉት ሰዎች ሕይወትም ይታረማል። ኬሪ ራሱ በሕንድ ምድር ተለወጠ። እርሱ፣ ማርሽማንና ዋርድ በ1800 በሴራምፖር አብረው መኖር ከጀመሩ በኋላ የአገሬው ሰው ራሱ ወንጌላዊ እንዲሆን ማድረግ ዋና ሥራቸው ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የተጠመቀው የመጀመሪያው አማኝ በሠንጠረዡ ውስጥ ቁጥር የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ግን ስም አለው፤ ክሪሽና ፓል ይባላል፤ አናጢ ነበር፤ በኋላም ሰባኪና የመዝሙር ደራሲ ሆነ።

በእኛ አገር ያለው እርማት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ስለ ስኳሩ አንቀጽ ሳነብ ከአእምሮዬ ያልወጡት ሁለት ሰዎች ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ናቸው። ሁለቱም በልጅነታቸው ከኦሮሞ ምድር ተነጥቀው በባርነት የተሸጡ ናቸው። ሁለቱም ነፃ ወጥተው በቀይ ባሕር ዳርቻ በስዊድን ወንጌላውያን እጅ ተማሩ። ኬሪ "ከደም የነጻ እጅ" ብሎ ሲጽፍ ስለ ባሮች ይጽፋል፤ ባሮቹ ግን በገጹ ላይ አይጽፉም። እነዚህ ሁለቱ ጻፉ። አስቴር ቃላትን፣ ተረቶችንና የሕዝቡን ዜማዎች ከትውስታቸው እየሰበሰቡ፣ ኦኔሲሞስ እየተረጎሙ፣ በ1894 የንባብ መጽሐፍ፣ በ1899 ደግሞ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ አወጡ። ከዚያም ኦኔሲሞስ በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው ሕዝባቸውን በራሱ ቋንቋ አስተማሩ። ተቆጣሪው ቆጣሪ፣ ተቀባዩ ላኪ የሆነበት ታሪክ ይህ ነው።

ሁለተኛው የወላይታ ታሪክ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1937፣ የውጭ ሚሲዮናውያን ሲወጡ በስፍራው የተጠመቁት አማኞች ቁጥር ከመቶ ያነሰ ነበር። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኙት በሺህ የሚቆጠር ምእመን ነበር። መሪዎቹ ታስረዋል፣ ተገርፈዋል፤ ወንጌሉ ግን አልቆመም። ከዚያም ብዙ የወላይታ ወንጌላውያን ከነሚስቶቻቸው ወደ ጎረቤት ሕዝቦች፣ ወደ ጋሞ፣ ወደ ዳውሮ፣ እስከ አሪ ምድር ድረስ ተሰማሩ። መርከብም ሠንጠረዥም አልነበራቸውም፤ በእግራቸው ሄዱ፣ ቋንቋ ለመዱ፣ ከሰው ጋር ኖሩ። ኬሪ በወረቀት ላይ የጻፈውን እነርሱ በእግራቸው ጻፉት። ከእርሱም የተሻለ ጻፉት፤ ለሚሄዱበት ሕዝብ እንደ ገዥ አገር ሰው አልታዩምና።

ዛሬም ይህ ሥራ አላቆመም፤ ግን ብዙ ጊዜ በመድረካችን ላይ አናየውም። በቤይሩትና በባሕረ ሰላጤው ከተሞች በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን በዕረፍት ቀናቸው፣ ዕረፍት ሲያገኙ፣ ተሰብስበው ይጸልያሉ። አረብኛ የተማሩት በኩሽና ነው። የታመመች አሮጊት ያጥባሉ፣ የሰው ልጅ እንደ ልጃቸው ያሳድጋሉ። የተልእኮ ሳምንት ስናደርግ የእነርሱን ስም ጠርተን እናውቃለን? ወይስ የምናስታውሳቸው ገንዘብ ሲልኩ ብቻ ነው? ጥሪ ያለው በኮንፈረንስ ለተመረቀ ብቻ ይመስለናል።

እንዴት እናንብበው?

መጽሐፉን አንብቡት ብዬ እመክራለሁ፤ ነገር ግን እንደ ግድግዳ ወረቀት አታንብቡት። ሦስት ነገር ውሰዱበት። ሙግቱን ውሰዱ፤ ተስፋውን ይዘን ትእዛዙን መጣል አንችልም። ትጋቱን ውሰዱ፤ የምትጸልዩለትን ሕዝብ ቋንቋውን፣ ታሪኩን፣ የሚበላውንና የሚያስለቅሰውን እወቁ። ስኳሩንም ውሰዱ፤ ከቤታችሁ የሚጀምር ንስሐ የሌለበት ተልእኮ ጉዞ እንጂ ተልእኮ አይደለም። የእኛ ስኳር ምንድን ነው? በቤታችን የምትሠራው ልጅ ደመወዟ በጊዜው ይከፈላታል? ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበት ዕረፍት አላት? ስለ ሩቅ አገር እያነባን የጓዳችንን ሰው ካላየን፣ ኬሪ በአንዲት አንቀጽ ይፈርድብናል።

ሠንጠረዡንም አትጣሉት። መቁጠር ኃጢአት አይደለም፤ እረኛውም በጎቹን ቆጥሮ ነው አንዷ እንደጠፋች ያወቀው። ግን እረኛው ሲፈልግ የሄደው ስለ አንድ መቶኛ እጅ አልነበረም፤ ስለምትታወቅ አንዲት በግ ነው። ስለዚህ በኬሪ አምስት ዓምዶች ላይ ስድስተኛ ዓምድ ልጨምር እወዳለሁ፤ "ስም" የሚል።

ባለፈው ዓመት ወደዚያው ወረዳ ተመልሼ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ፤ ቅጽ አልያዝኩም፤ ከሕዝቡ ቋንቋ ጥቂት ቃላት ተምሬ ነበር። ያችን እናት ፈልጌ አገኘኋቸው። ሰላምታዬን ስሰማ የተሳሳትኩትን ቃል ሳቅ ብለው አረሙኝ። ከዚያ ስማቸውን ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የእርሳቸው ነውና። በጸሎት ደብተሬ ላይ ግን ተጽፏል፤ በመጀመሪያው መስመር።